ከበሰቃ ሸሽቼ፣ ቡልቡላ ዳር

ቦሌን በቅጡ የማታውቅ ሴት ስለ ቦሌ ስትጽፍ ቦሌዎች ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ! እኔ የምጽፈው ለነሱ አይደለም። መተሐራ ከአስፋልቱ ዳር ያለችው ምግብ ቤቴ ገብተው «እታፈራሁ፣ ሸገር እንዴት ከረመች?» እያሉ ወጥ ለሚያሳርሩብኝ ሰዎች ነው። ላንዱ ተናግሬ ስጨርስ ሌላው ከሥር ይጀምራል። አንዴ ጽፌው ልረፍ።

የሄድኩት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ሐይቃችንን በሰቃን ታውቁታላችሁ። ሌላው አገር ሐይቅ ደረቀ ብሎ ያለቅሳል፤ የኛው ግን በየዓመቱ ይሰፋል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ አዋቂ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው የለም እንዲያ ነው ይላል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ የነካው መሬት ሣር እንኳ አያበቅልም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤታችንን ሲሠራ ሐይቁን ለማየት ጉብታ መውጣት ነበረብን። ዛሬ ጓሮ አጥሬ ሥር ደርሷል። የማእድ ቤቴ ግድግዳ ከታች ነጭ ጨው እያወጣ ይፈረፈራል፤ በመጥረጊያ እጠርገዋለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር። ይኸው እኔን እያሳሳቀ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ክረምቱን ሙሉ በስልክ ሲነዘንዘኝ ከረመ። «እትዬ፣ ያንን ቤት ተዪውና ነይ። እዚሁ አጠገባችን የሚከራይ ቤት አግኝቼልሻለሁ። ጉልት ቢጤም ትጀምሪያለሽ። አይተሽ ካልወደድሽው ትመለሻለሽ።» ልጆቼን ያሳደግኩበትን ቤት ለሐይቅ ትቼ መውጣት አለመውጣቴን ልወስን ነው እንግዲህ በፍልሰታ ጾም መሐል የተነሳሁት።

ማክሰኞ

ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስጭኜ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ጆንያውን ጣሪያ ላይ እየሰቀለ «እናቴ፣ አዲስ አበባ ሽንኩርት የለም ያለሽ ማነው?» አለኝ።

«ሽንኩርትማ አለ። የኔ ነው የሌለው።»

ከከተማ ወጣ እንዳልን መንገዱ ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ ነው፤ የድሮው ከውሃው ሥር ተኝቷል። ሁሌ የማየው ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ እንግዳ አየሁት። በግራ ውሃ፣ በቀኝ ውሃ፣ መሐል ላይ ሰው የጫነች አውቶቡስ። ከውሃው ውስጥ የደረቀ የግራር ጫፍ ብቅ ብሎ ወፍ ተቀምጦበታል። «ጌታ ሆይ፣ ይኼ እኮ ግጦሽ ነበር» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ተኛ።

ከአዳማ በኋላ ያለው የፍጥነት መንገድስ! ሻይ በብርጭቆ ብትይዙ ጠብ አይልም። ዱከምን ስናልፍ ግን ብርዱ ጀመረኝ። እኛ ጋ ነሐሴም ላብ ነው፤ ሰው ሹራብ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። በስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት። ቃሊቲ መናኸሪያ ስወርድ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ግፊያ! ጥርሴ ይንገጫገጫል። ደረጀ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጮኸ።

«እትዬ! በዚህ ልብስ?»

የሥራ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። አረንጓዴ ሆኖ ብርሃን ሲመታው ቦግ የሚል መስመር ያለው ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ የገባሁት እንደ ጭነት አውራጅ ለብሼ ነው። የላዳው ሹፌር ሳይቀር «እናት፣ ዛሬ ፈረቃ አለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል የለም። ሽንኩርቱን ደረጀ ተሸክሞ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ወጣን። የደረጀ ሚስት ወርቅነሽ የወላይታ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ፍልሰታ አታውቅም። በሯን ስትከፍት እጇ ላይ የሚያብረቀርቅ ድስት ይዛለች።

«እትዬ፣ አዲስ ድስት ነው። ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም። የእርስዎ ነው እስከሚሄዱ።»

ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ ይሄን መካድ አይቻልም። በድስቱ ግን እንባዬ መጣ። ሽሮ ሠርታበት በላን፣ እሷም አብራኝ ጾመች። «ለእንግዳ ነው፣ ጌታ ይረዳኛል» አለች እየሳቀች።

ልብ በሉ፣ እዚያ ቤት አውሮፕላን የሚያልፈው በአናት ላይ ነው። በረንዳ ላይ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜ ሳለ አንዱ ጎማውን ዘርግቶ መጣ። በስመ አብ! ሆዱን አየሁት እኮ፣ መስኮቶቹን አየሁ። ቁጭ አልኩ፤ ጆጉም ተደፋ። ወርቅነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኛ ጋ መንገድ የሚያቋርጥ ግመል እንጠብቃለን፣ እነሱ ደግሞ ወሬያቸውን አቁመው አውሮፕላን ያሳልፋሉ። ካለፈ በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ረቡዕ

ወርቅነሽ መሥሪያ ቤቷ ኦሎምፒያ ነው። ፈቃድ ወስዳ ሰፈሩን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። በነጠላ ጫማዬ ፈንታ የራሷን ካልሲና ጫማ አልብሳኛለች፤ ትንሽ ይጠበኛል፣ ግን ማን ያማርራል።

ኦሎምፒያ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ጥቁር መኪና በጥቁር መኪና ላይ እየተከታተለ ያልፋል፤ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ሁላችንንም አግዶናል። የቆምነው ሕንፃዎቹ ሥር ስለነበር አንገቴን ሰብሬ ወደ ላይ አያለሁ። ሕንፃው ሁሉ መስታወት ነው፤ ደመናው ውስጡ ይሄዳል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ምን ይደበቃል! ሰው ከጭቃና ከጭድ ተነስቶ እዚህ ደረሰ? እዚያ መሐል ቆሜ የማእድ ቤቴን ግድግዳ ጨው መብላቱ ትንሽ ነገር መሰለኝ፤ ከተማው ራሱ ምንም የማይደፍረው ነገር ሆኖ ታየኝ።

መንገዱ እስኪከፈት ጭማቂ ቤት ገባን። ቴሌቪዥኑ ዜና እያወራ ነው። የዓለም ሊቃውንት ዓለምን ያሰጓታል ያሏቸውን ትልልቅ አደጋዎች ሲደረድሩ የአየር ንብረት ለውጥንና የተፈጥሮ መጎሳቆልን ከፊት አስቀመጡ ይላል። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የሙቀት መጨመር። ጦርነትም አለ፣ ሌላም አለ፣ ግን ይኼኛው ፊት ፊት ነው።

«ይዩዋት ሐይቅዎን፣ ዜና ሆነች» አለች ወርቅነሽ።

«ዓለም ዛሬ ገና ሰማች እንዴ?» አልኳት። «አጥሬ ሥር መጥተው ቢጠይቁኝ አምና እነግራቸው ነበር።»

አስተናጋጇ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ዜናው ወደ ኳስ ዞረ። እኔ ግን የአቮካዶ ጭማቂዬን እየጠጣሁ አንድ ነገር አሰብኩ፦ አደጋው እንዲህ በዓለም የተነገረለት ከሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ፣ እንግዲህ ብልህ ሰው ቦታውን ለቅቆ ወደ መስታወቱ ከተማ መምጣት ነው ያለበት። ልቤ ያን ቀን ለደረጀ አደላ።

ሐሙስ

ቤቱን አየሁት። ቡልቡላ ወንዝ ዳር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ቁልቁል፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ግቢ ያለው። ከጓሮው የቧንቧ ውሃ አለ፤ ጣፋጭ ውሃ! ከፍቼ በእጄ ጠጣሁ። ጎመን ተተክሏል፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ብትጨብጡት ቅባት ያለው ይመስላል። የኔን ነጭ መሬት ላየ ሰው ይኼ ገነት ነው።

«ወንዙ አይሞላም?» አልኩት ደረጀን።

«ኧረ እትዬ፣ እዪው እስቲ! ፍየል ዘልሎት ያልፋል።»

እውነቱን ነው፣ ወንዙ ክር የምታህል ጥቁር ውሃ ነበረች፣ ፌስታልና ኮዳ የከበባት። አጠገባችን አንድ ሽማግሌ በግድግዳ ላይ ተደግፈው ይሰማሉ፤ ረዥም ጥሩምባ በትከሻቸው አንግተዋል። ጋሽ ቱሉ ይባላሉ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ እዚሁ ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ።

«ወንዝ ነው» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አዲሷ ጎረቤት እርስዎ ነዎት? እንኳን መጡ። እድር ይግቡ፤ እዚህ ሰፈር እድር የሌለው ሰው የለም።»

«እገባለሁ እንጂ! እኛም ጋ ጥሩምባ ተነፍቶ ቤቱ የሚቀር ሰው ይቀጣል፣ ይታማልም።»

«እንግዲያው አንድ ሕዝብ ነን» ብለው ሳቁ። ቁልፉን ተቀብለን፣ ቅዳሜ ከአከራዩ ጋር ውል እንፈራረማለን ተባብለን ተለያየን።

ዓርብ

ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ዓይነት ፀሐይ አላየሁም። እኔና ወርቅነሽ አዲሱን ቤት ልናጸዳ ወረድን። ከሰዓት በኋላ ሳሙና አለቀብንና እሷ ልታመጣ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ወለሉን እያሻሸሁ ሳለ ጥሩምባው ተነፋ።

ደነገጥኩ። ጥሩምባ በማለዳ ነው የሚነፋው፤ በዚህ ሰዓት ከሆነ ድንገተኛ ሞት ነው። እንግዳ ነኝ ብዬ ልቀመጥ አሰብኩ፣ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ነገ ጎረቤቴ የሚሆን ሰው ሞቶ ወለል አሻሻለሁ እንዴ? እጄን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ ወጣሁ። ሰዉ ነጠላ እያጣፋ ከፊቴ ይሮጣል፣ ወዲያው የምጠይቀው ሰው እንኳ ጠፋ። ከኛ ቀጥሎ ካለው ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፍራሽ ወደ ደጅ ተጎትቷል፣ ወንበር ወጥቷል። የለቅሶ ቤት እንዲህ አይደል? ገባሁ። ማንም የለም። ሬሳ ሊያመጡ ሆስፒታል ሄደው ይሆናል ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጀመርኩ።

«ወይኔ! ወይኔ! ምነው በዚህ ጊዜ! ምነው ሳላውቅህ፣ ሳላውቅሽ!»

ሟች ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፣ ስለዚህ ለሁለቱም አለቀስኩ። ከምሬ ነበር ደግሞ። ለባለቤቴ ያላለቀስኩት ሁሉ መጣ፣ ለቤቴም አለቀስኩ። ደረቴን እየደቃሁ ሳለ ወርቅነሽ ፀጉሯ ተበትኖ፣ እያለከለከች በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ! ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

«እኔ ምን አውቄ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ውሃ ነው! ይነሱ!»

ምን ውሃ፣ ሰማዩ ጠርቷል ልል ስል እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ዳገቱን ስንወጣ አንዱ ጫማ ከእግሬ ወለቀ፤ ልመለስ ስል ቆጣችኝ። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ላይኛው መንገድ፣ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት በር ላይ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። ሕፃን ያዘለች፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት። ግማሹ ነጠላውን እንደኔ ዘቅዝቋል። ጋሽ ቱሉ ጥሩምባቸውን ይዘው ወደ ታች ያያሉ፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ዓይነት። ቀጥሎ ሽታው፣ የአፈር ሽታ። ከዚያ ያቺ ክር የምታህል ወንዝ መታጠፊያው ላይ ቆማ ታየች። ቆማ ነው የምላችሁ! ቡናማ ግድግዳ ሆና፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከፊቷ እያስቀደመች። ፀሐዩ ከላይ ይሞቃል፣ አንድ ጠብታ ዝናብ የለም። ውሃው በርሜል ይዞ ያልፋል፣ ቆርቆሮ ይዞ ያልፋል። አንድ ቀይ ሶፋ መጣ፣ ትራሱ እንደተደረደረ፣ ሳይገለበጥ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ እየተንሳፈፈ አለፈ። አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ድምፁን የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፈራሁ፣ ግን ከፍርሃት የበለጠ ነገር ነበር። በሕይወቴ ውሃ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። የኔ ሐይቅ ሌባ ነው፣ አጥር ሥር ቀስ ብሎ ይገባል። ይኼኛው ንጉሥ ነው፣ በቀን ነው የሚመጣው። «እግዚኦ» አልኩ፤ አጠገቤ የቆመው ሙስሊም ጎረምሳ «ያ አላህ» አለ፣ ወርቅነሽ «ኢየሱስ» አለች፤ ሦስታችንም አንድ ነገር ነው ያልነው። ያለቀስኩበት ቤት ወለሉን ሞልቶ በመስኮቱ ወጣ። የኔው ቤት የጓሮ ግድግዳ ተንሸራተተ። ጎመኑ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ቧንቧው፣ ሁሉም ሄደ።

ሰው አልሞተም። አንድም ሰው!

እንዴት አወቃችሁ ብዬ ጋሽ ቱሉን ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ወንዙ ከሚወርድበት ከላይኛው ሰፈር ነው የምትኖረው። እዚያ ሲዘንብ ወንዙን አይታ ትደውልላቸዋለች። አንድ ክረምት ሰፈሩ ውስጥ እየሮጡ ውሃ መጣ ብለው ቢጮሁ ሰው ከቤቱ አልወጣ አለ፤ ሰማዩ ጠርቶ ምን ይቀባጥራሉ ብሎ ሳቀ። ንብረት ጠፋ፣ ሰውም ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለውሃም ጥሩምባው ይነፋ አሉ።

«ታዲያ ድምፁን ለምን አለያችሁትም? እኔን እዚያ አስቀምጦ ሊያስበላኝ ነበር እኮ!»

«ከለየነውማ ሰው ቆሞ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል» አሉኝ። «ለሞት ግን ማንም አይጠይቅም። ይወጣል። መጀመሪያ እዚህ ላይ ወጥቶ ነው ማን ሞተ የሚለው። ለእርስዎ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው፣ እህቴ። ነገ እድር ሲገቡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

ያን ዕለት ቤታቸው ውሃ ለገባባቸው ሰዎች ድንኳኑ ተተከለ፣ የእድሩ ትልልቅ ድስቶች ወጡ፣ ልክ እንደ ለቅሶ። ደረጀ ከሥራ እየሮጠ መጣ፤ እኔን ቆሜ ሲያየኝ አቅፎኝ ቀረ። «ሽንኩርቱን አምጣ» አልኩት። የመተሐራን ሽንኩርት ከቡልቡላ ሴቶች ጋር ስንከትፍ አመሸን፤ ማን በሽንኩርቱ ማን በሆዱ እንዳለቀሰ አይለይም ነበር። ምግብ ቤት መክፈቴ አንድ ቀን እንኳን ጠቀመኝ።

ቅዳሜ

ውል የምንፈራረምበት ቀን ነበር። ደረጀ ቁርስ ሳይበላ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«ከድጡ ወደ ማጡ ላስገባሽ ነበር፣ እትዬ። ፍየል ይዘለዋል አልኩሽ።»

«ያየኸውን ነው የነገርከኝ።»

«እሺ ሌላ ቤት እፈልግልሻለሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ። እዚያ ሐይቁ ሥር አልተውሽም። የት ልውሰድሽ?»

አለቀሰ። ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ሲያለቅስ አልችልም። ወርቅነሽ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። በጭማቂ ቤቱ የሰማሁት ዜና እዚያች ሳሎን ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ። መስታወቱን ከተማ ሳይ የማይደፈር መስሎኝ ነበር። ለካ እነሱም የሚጠብቁት ውሃ አላቸው። ልዩነታችን አንድ ነው፣ እነሱ ለሚጠብቁት የሚጮህ ነገር አዘጋጅተዋል።

«ቤቴ ልመለስ» አልኩት። «የምጠይቀው ሰው አለኝ።»

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ተነሳሁ። ወርቅነሽ ድስቱን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ «ለሚቀጥለው ፍልሰታ ይዘውት ይምጡ» አለች። ጋሽ ቱሉ የወለቀውን ጫማ ጭቃው ውስጥ አግኝተው፣ አጥበው፣ መናኸሪያ ድረስ ላኩልኝ። የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተደግፌ ስመጣ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ካልሲዬን አወለቅኩ። ሐይቁ ላይ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ውሃው ዝም ብሏል፣ ወርቅ መስሏል። ያምራል፣ ውሸት ምን ይሠራል። ቤቴ ስደርስ ጨዉ ከግድግዳው ሥር ተመልሶ ወጥቷል።

በማግሥቱ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ። የቡልቡላን ነገር ሁሉ ነገርኳቸውና ጥሩምባውን ይንፉልኝ አልኳቸው።

«ሴትዮ፣ የሚቸኩል ውሃ መቼ መጣ? ይሄ እኮ በዓመት አንድ ክንድ የሚሄድ ውሃ ነው።»

«እሱ ነዋ! የሚቸኩለውማ ራሱ ይጮሃል። ለዚህኛው ማን ይጮህለት? በየቤታችን አንድ አንድ እያልን ለወንድም፣ ለእህት እየደወልን ማታ ማታ ልንጠፋ ነው። ሁላችንም አንድ ላይ ወጥተን ከመንግሥት ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠን ብንል እኮ ሰፈር ሆነን እንሄዳለን። ያለ ሞት ነፉ ብሎ እድሩ ከቀጣዎት መቀጫውን እኔ እከፍላለሁ።»

አሰቡ፣ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው ነፉ።

መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉም መጡ። ደጃፌ ላይ ስለቆምኩ የኔ ሰው የሞተ መስሏቸው አንዳንዷ ገና ከሩቅ ታለቅሳለች። ይዣቸው ወደ ጓሮዬ ገባሁ። ከአጥሩ ወዲህ ውሃ ተኝቷል፤ አሮጌው ባልዲዬ ውስጡ ቆሟል። ብዙዎቹ በየራሳቸው ጓሮ ያለውን ያውቁ ነበር፣ የሌላውን ግን አላዩም። አንዷ «የኔም እንዲሁ ነው» አለች በቀስታ። «የኔም» አለ ሌላው። ከዚያ ወሬው ተቀጣጠለ፤ ሽማግሌ ይመረጥ፣ ማን ይሂድ፣ መቼ ይሂድ እየተባባሉ ሲንጫጩ ስልኬ ጮኸ። ደረጀ ነበር።

«እትዬ፣ ምንድነው ይኼ ሁሉ ጫጫታ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «ውሃ ነው። ሁላችንም ወጥተናል።»